የጓድ ፈዬራ ጨጓራ

ዘርፉ ሰው አትወድም ይሏት ነበር። ናዝሬት በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ወረፋ የሚይዙት እናቶች ገና ከበሩ ላይ "ያቺ ቁጡዋ ድሬሰር ዛሬ ገብታለች?" ብለው ይጠይቃሉ። ገብታ ከሆነ ግማሾቹ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ግማሾቹ እየፈሩም ቢሆን ይቀመጣሉ፤ ብትቆጣም ሥራዋን ታውቃለቻ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን አዝላ የመጣችውን "ውሃ ከለከልሽው አይደል? ተቅማጡ ይደርቅልኛል ብለሽ! የደረቀው እኮ ልጁ ነው!" ብላ ትጮኽባታለች። ከዚያ ራሷ የፈላ ውሃ አቀዝቅዛ፣ ስኳርና ጨው በልክ በጥብጣ፣ በማንኪያ እያጠጣች ግማሽ ቀን ከልጁ አጠገብ አትነሳም። እናትየዋ ስታመሰግናት ግን "ሂጂ፣ ሌላ ሰው አለብኝ" ትላለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ባሏ ጉደታ የጂኦግራፊ መምህር ነው። በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ከሌሎች ጴንጤዎች ጋር የሚጸልዩበት ቤት በቀበሌው ትእዛዝ ሲታሸግ፣ ቁልፉን አላስረክብም ካሉት ሰዎች አንዱ ጉደታ ነበር። ያሸገውም፣ ያሰረውም የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈዬራ ነው። ጉደታ ስምንት ወር ታስሮ ሲፈታ በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ ነው ቤቱ የገባው። እስር ቤት ውስጥ ሻጋታ የያዘ ቂጣና ከበርሜል የተቀዳ ውሃ ሲያበሉትና ሲያጠጡት ከርመው አንጀቱ ተበላሽቶ ነበር። የጎረሰው ሁሉ ወይ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ወይ ሳይፈጭ ይወጣል።

ዘርፉ ባሏን እንደ አራስ ልጅ ነው እንደገና መብላት ያስተማረችው። መጀመሪያ ቀጭን የአጃ አጥሚት በማንኪያ፣ በየሁለት ሰዓቱ። ከሳምንት በኋላ የላመ ሩዝ፤ ከዚያ የተፈጨ ካሮትና ድንች፤ ከዚያ የበሰለ ፓፓያ፤ ቀጥሎ በርበሬ የሌለበት አልጫ ሽሮ። አንዱን ሳይለምድ ወደ ሌላው አታሻግረውም። ሦስት ወር ፈጀባት። ጉደታ ዳነ። የዘርፉ ቁጣ ግን በዚያው ቀረ።

በ1971 ዓ.ም. ሚያዝያ 14 ቀን፣ ፀሐይ መሐል አናት ላይ ሆና፣ ጂብሪል የሚባል የአብዮት ጥበቃ ዘብ እያለከለከ ጤና ጣቢያው ደረሰ።

"ነይ፣ ፍጠኚ። ሊቀመንበሩ ተመርዘዋል።"

ዘርፉ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። በኋላ ይህን ለማንም አልደበቀችም። ቦርሳዋን አንስታ፣ የናዝሬት ነፋስ በሚያነሳው አቧራ ውስጥ ተከተለችው።

ጓድ ፈዬራን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ጨብጦ አገኘችው። ከለውጡ በፊት እህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ የሚቆም ረጅም ሰው ነበር፤ ጥርሱን እንደ አካባቢው ተወላጅ ሁሉ ውሃው ቡናማ አድርጎበታል። ጥግ ላይ፣ መሬት ላይ፣ ቡዜ ተቀምጣለች። ቡዜ ለጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ምሳ የምትሠራ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። አንዱ ጉንጯ አብጧል።

"መርዛኛለች" አለ ፈዬራ፣ ቀና ሳይል። "ሦስት ሳምንቴ ነው። ምሳዋን በበላሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እሳት ይለቀቅብኛል። ፀረ አብዮተኞች ልከዋት ነው። መርዝ መሆኑን ጻፊልኝና ጉዳይዋን ወደ በላይ አስተላልፋለሁ።"

ጉዳይ ወደ በላይ ሲተላለፍ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን ናዝሬት ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

"ወጡ የት አለ?" አለች ዘርፉ።

ጂብሪል ከጥግ ድስቱን አመጣ። ቀይ ወጥ ነው፣ ገና ለብ ያለ። ዘርፉ እጇን ታጠበች፣ ከሌማቱ እንጀራ ቆረሰች፣ በሩ ላይ የቆሙት ዘቦች እያዩዋት አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጎረሰች። አልፈራሁም ብላ አታውቅም። ሦስተኛውን ጉርሻ በግድ ነበር የዋጠችው። ቡዜ ግን ዓይኗን ሳትነቅል ታያት ነበር፤ የቡዜ ዓይን ውስጥ ያየችው ሙያዋ የተሰደበባት ሴት ቁጣ እንጂ የጥፋተኛ ፍርሃት አልነበረም።

"በርበሬው በዝቷል" አለች ዘርፉ አፏን እየጠረገች። "መርዝ ግን የለበትም።"

"ማርከሻውን ቀድመሽ ጠጥተሽ ቢሆንስ? ባልሽን አውቀዋለሁ፣ አንቺንም አውቅሻለሁ።"

"እኔም አውቅዎታለሁ። አሁን ልጠይቅዎት። ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?"

"አብዮት ቁርስ አይጠብቅም።"

"ምን ጠጡ?"

ጂብሪል ሳል ያዘው።

"አረቄ" አለች ዘርፉ። "ሲጋራስ? ጣትዎ ይናገራል፣ ይተዉት። ለራስ ምታት ምን ይወስዳሉ?"

"አስፕሪን።"

"በባዶ ሆድ? ስንት?"

"እስኪተወኝ።"

"ሰገራዎ ምን ይመስላል?"

ዘቦቹ መሬት መሬቱን አዩ። ፈዬራ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። "ይሄ ምን አገባው?"

"ጥቁር ነው ወይ? እንደ ሬንጅ?"

"አይደለም!"

"ጥቁር የሆነ ዕለት ውስጥዎ ደም ፈሷል ማለት ነውና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፣ እኔን አያስጠሩኝ። አሁን ያለብዎት ጨጓራ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ባዶውን ሆድ በአረቄ፣ በጭስና በአስፕሪን ሲያቆስሉ ይውሉና ስድስት ሰዓት ላይ ቁስሉ ላይ ቀይ ወጥ ይደፉበታል። ቡዜ ሆድዎን አላቃጠለችም፤ የተቃጠለ ሆድ ነው የደረሳት።"

ለፈዬራ እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ አልነበረም፤ የነበሩትም አሁን የሉም።

ዘርፉ ነገሩ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል ገብቷት ቶሎ ቀጠለች። "ዐሥራ አምስት ቀን ይስጡኝ። የምልዎትን ይብሉ፣ የምልዎትን ይተዉ። ካልተሻለዎት እኔን ከእሷ ጋር ይላኩኝ። ከተሻለዎት ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።"

ፈዬራ፣ የጉደታን ስቃይ ያዘዘው በዚህ ነው ብላ በምትገምተው ድምፅ፣ "ምግቡን አንቺው ትሠሪያለሽ" አለ። "እዚሁ ታመጫለሽ። ፊት ለፊቴ ቀድመሽ ትቀምሺያለሽ። እሷ እስከዚያ እዚሁ ትታሰራለች።"

ዕለቱን ማታ ጉደታ ነገሩን ሲሰማ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ለእኔ ያበሰልሽውን ልታበስይለት ነው?"

"ሌላ የማውቀው የለኝም።"

"አጥሚቱን?"

"አጥሚቱን።"

ጉደታ አልጮኸም። ድሮም አይጮኽም። ተነስቶ ሌላ ክፍል ገባ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮም ከእሷ እጅ መብላት አቆመ። ጠዋት ዳቦ ገዝቶ ይወጣል፣ ምሳውን ትምህርት ቤት አካባቢ ይበላል፣ ማታ ቆሎ ይቆረጥማል። ዘርፉ ያ አንጀት ቆሎ እንደማይችል እያወቀች፣ በግድግዳው በኩል የቆሎውን ድምፅ እየሰማች ታድራለች። አንድ ቀን "እባክህ አኝከህ አልመው" ብትለው "ሊቀመንበሩን ምከሪው" አላት።

በማግስቱ ምግብ ማመላለስ ጀመረች። ጠዋት ከሥራ በፊት አጥሚት፣ አራት ሰዓት ላይ ዳቦና ፓፓያ፣ ምሳ ላይ የላመ ሩዝ ከድንች ጋር፣ ከሰዓት ደግሞ አጥሚት። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። አስፕሪኑን ወሰደችበት። ሲጋራውን መውሰድ አልቻለችም፣ ግን ሳይበላ እንዳያጨስ አስማለችው፤ እሱም በአብዮቱ ማለ። ሁልጊዜ ጂብሪል ምሳ ዕቃውን ይከፍታል፣ እሷ ቆማ ትቀምሳለች፣ ፈዬራ ፊቷን እያየ ይጠብቃል።

"ይሄ የሕፃን ምግብ ነው" ይላታል።

"ሆድዎ የሕፃን ሆድ ሆኗል።"

"የድሃ ምግብ ነው።"

"ድሃ አጃና ፓፓያ ቢያገኝ ደስ ባለው።"

"ምላስሽን አንድ ቀን አስቆርጠዋለሁ።"

"ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ።"

ያን ሁሉ ቀን አንዴም ደህና አደሩ አላለችውም። እሱም ከ"አንቺ" ሌላ በምንም አልጠራትም። አጥሚቱን በምታማስልበት ጊዜ እጇ ስንት ጊዜ ወደ በርበሬው ዕቃ እንደሄደ እሷና ግድግዳው ናቸው የሚያውቁት። አንድ ማንኪያ ሚጥሚጣ በቂ ነበር። ለመግደል አይበቃም፤ አንድ ቀን ሙሉ ለማንከባለል ግን ይበቃል። እጇን የሚመልሰው ርኅራኄ አልነበረም። እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ቡዜ መሬት ላይ መተኛቷ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ፈዬራ ማቃጠሉ እንደተወው ሳይወድ በግድ አመነ። በዘጠነኛው ቀን፣ ሚያዝያ 23፣ የሠራተኞች ቀን ሆነ። ሰልፍ ተወጣ፣ ተዘመረ፣ ከሰልፉ በኋላ ለባለሥልጣናቱ ጥሬ ሥጋ ተቆረጠ። በማግስቱ ጠዋት ዘርፉ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ስትገባ ፈዬራ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ነበር። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"ገደልሽኝ" አለ። "ትናንት ያመጣሽው ነው።"

ዘርፉ ጠጋ ብላ አሸተተችው። "አፍዎ አረቄ አረቄ ይላል።"

ተነስቶ ምሳ ዕቃውን ከእጇ መታው። ትኩሱ አጥሚት ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣ ጭኗን አቃጠላት። አልጮኸችም። ቀሚሷን ከገላዋ አላቃ እየያዘች፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ "ያለፈው ሁሉ ገደል ገባ" አለች። "እንደገና ከአንድ እንጀምራለን። ዐሥራ አምስት ቀን።"

"እሷም እንደገና ዐሥራ አምስት ቀን ትታሰራለች።"

"በእርስዎ አረቄ?"

"በእኔ አረቄ!"

ዘርፉ በዚያች ቅጽበት ትታው ልትወጣ ነበር። ይሙት፣ በቃ። በሩ ላይ ስትደርስ ሆዱ እንደገና አጣደፈው፤ ፈዬራ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፤ በልጅነቱ በተማረው ቋንቋ፣ በስብሰባ ላይ ሲያስወግዘው የኖረውን የፈጣሪ ስም በሹክሹክታ ጠራ። "ዋቃዮ... ያ ዋቃዮ..."

ጂብሪልም ሰምቷል። ወደ ውጭ ዞሮ ቆመ።

ዘርፉ ተመለሰች። "ይሄንን ቃል ነው እኮ ያሸጉብን፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለች። "ባሌ ስምንት ወር የታሰረው ይሄን ልበል ስላለ ነው።"

ፈዬራ ላይ ቁጣ አልታየም፤ ያፈረ ሰው ብቻ መሰለ። አልራራችለትም፤ እንዲያውም የዚያን ቀን ያህል ጠልታው አታውቅም። ግን የፈሰሰውን ጠርጋ ሌላ አጥሚት ልትሠራ ሄደች፤ እሱም ከዚያ ቀን በኋላ አረቄ አልቀመሰም።

በሁለተኛው ዙር በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ዘርፉ ያሰበችውን ለጂብሪል ነገረችው። ጂብሪል ትልቅ ሰው ነው፤ ሚስቱ በመጨረሻው ወሊዷ ጊዜ በዘርፉ እጅ ነበረች።

"የወጥ ቤቱ ቁልፍ አንተ ጋ ነው" አለችው። "ቡዜን ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት አውጣልኝ። እሷ ታብስል።"

"ካወቁ ያስገድሉኛል።"

"ሚስትህ በደም ተነክራ ስትመጣ እኔም እንዲህ ብዬ ነበር? ዞር ብለህ ቁም፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ጂብሪል ዞር ብሎ ቆመ። ቡዜ አልጫ ሽሮ ሠራች፤ ቅጠላ ቅጠሉን አልማ፣ ዘይቱን አሳንሳ፣ በርበሬ ሳታስነካ። እያጉረመረመች ነበር የምታማስለው። "እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ወጥ አብስዬ አላውቅም። ጣዕም የለው፣ ቀለም የለው። ለሱ ከሆነስ ይገባዋል።" ዘርፉ አጥሚቱንም እንድትሠራ አስተማረቻት። ሦስት ቀን ፈዬራ የበላው ሁሉ የቡዜ እጅ ነበር። ዘርፉ እንደ ወትሮው ቆማ ትቀምሳለች፣ እሱ ይበላል፣ ሦስቱንም ቀን ደህና አድሮ ይነሳል።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን ሳህኑን ጠርጎ ከበላ በኋላ ጠየቀችው።

"ያቃጥልዎታል?"

"አያቃጥለኝም።"

"ትናንትስ? ከትናንት በስቲያስ?"

"አያቃጥለኝም አልኩሽ! ምን ፈለግሽ?"

"ሦስት ቀን የበሉት ቡዜ ያበሰለችውን ነው።"

የፈዬራ ፊት ተለዋወጠ። እጁ ወደ ሆዱ ሄደ፤ ሕመም ፈልጎ እንደሚዳስስ ሰው ጎኑን ሁሉ ነካካ። ምንም አልነበረም። ደህና የሆነ ሆድ ነበር።

"ተጫወትሽብኝ" አለ በመጨረሻ።

"አዳንኩዎት።"

ወረቀትና ብዕር ገፋላት። "እንግዲያው ጻፊ። መርዝ እንደነበረ፣ በሕክምና እንደወጣ። ማን እንዳደረገው አይታወቅም በይ። ሴትዮዋን እለቃታለሁ።"

ዘርፉ የሚፈልገው ገባት። ሃያ አምስት ቀን ያለ ጥፋት ያሰራትን አሮጊት ሲለቅ ሕዝቡ በአረቄው እንዳይስቅበት ነው። ደግሞም "ማን እንዳደረገው አይታወቅም" የሚል ወረቀት ኪሱ ውስጥ ካለ ነገ ማንንም ሊያስርበት ይችላል። ብዕሩን አንስታ አንድ መስመር ጻፈች፤ "በሽታው ጨጓራ ነው። መነሻው ባዶ ሆድ፣ አረቄ፣ ሲጋራና አስፕሪን ነው።" ፈረመችበት።

ፈዬራ አንብቦ ቀደደው። እሷም ሌላ ወረቀት ስባ ያንኑ ጻፈች። ያንንም ቀደደው። ሦስተኛውን ስትጀምር "ውጪልኝ!" ብሎ ጮኸ። "ውጪ! ያቺን አሮጊትም ይዘሽልኝ ጥፊ!"

ቡዜ በኋላ በር ወጣች። ይቅርታ የለ፣ ቃል የለ። ሁለተኛ እዚህ እንዳትደርሺ ተባለች። በሳምንቱ ለዘርፉ ደብዳቤ ደረሳት፤ ወደ ወለንጪቲ ተዛውራለች። ምክንያቱ "ለሥራው አስፈላጊነት" ይል ነበር።

ወለንጪቲ በገባች በሁለተኛው ወር፣ የገበያ ዕለት፣ ቡዜ ጤና ኬላው ድረስ መጣች። እዚያ ካለችው ልጇ ዘንድ ተጠግታ ነበር። ዘርፉ ምርቃት ጠብቃ አልነበረም፤ ስድብም ግን አልጠበቀችም።

"አዳንሽው" አለች ቡዜ፣ ሳትቀመጥ። "ያን ሰው አዳንሽው! ጉንጬ እስኪያብጥ የመታኝን! ሃያ አምስት ቀን ሲሚንቶ ላይ ያስተኛኝን! አንዲት ማንኪያ ሚጥሚጣ አጣሽ?"

"እማማ ቡዜ፣ እሱ ቢሞት የሚገድሉት እርስዎን ነበር።"

"አውቃለሁ!"

"ታዲያ ምን ይሉኛል?"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ! ማወቄ ንዴቴን አላበረደልኝም።" ቡዜ ነጠላዋን አጣፋች። "በገዛ እጄ አብልቼ አዳንኩት። ያ ነው የሚያንገበግበኝ። አንቺ ነሽ ያስደረግሽኝ።" ከዚያ በኋላ ገበያዋን ይዛ ወጣች። ሁለቱ ሴቶች በዚያች ትንሽ ከተማ ለዓመታት ሲተላለፉ በአንገት ሰላም ከመባባል አልፈው አያውቁም።

ጉደታም ቆይቶ ተዛውሮ ወደ ወለንጪቲ መጣ። መብላቱን በአንድ ቀን አልጀመረም። መጀመሪያ ያበሰለችውን ድንች በላ፣ ከዚያ ሽሮውን፤ አጥሚት ግን እስከ መጨረሻው እምቢ አለ። እሷም አጥሚት ሠርታለት አታውቅም።

በዚያው ዓመት ክረምት ከናዝሬት የመጣ ሰው ወሬ አመጣ። ጓድ ፈዬራ ወፍሯል፣ ፊቱ ቀልቷል፣ አረቄ ትቷል፣ ጠዋት ጠዋት ቁርሱን በልቶ ነው ቢሮ የሚገባው። በሰኔ ወር ብቻ አራት ሰዎች አስሯል፤ ከአራቱ አንዱ ጂብሪል ነው።

ዘርፉ ይህን የሰማችው ምሳ ላይ ነበር። መብላት አቃታት።

"እኔ ነኝ ያበረታሁት" አለች።

ጉደታ ሊያጽናናት አልሞከረም። "አዎ፣ አንቺ ነሽ" አለ። እንጀራ እየቆረሰ፣ "ትናንት ቡዜን ገበያ ላይ አየኋት። በሽንኩርት ዋጋ ስትከራከር ነበር" አለ።

ከዚያ በኋላ ስለ ፈዬራ በቤታቸው አልተነሳም። ዘርፉ ለጂብሪል ሚስት በየወሩ በሰው እጅ አጃና ምስር ትልክ ጀመር፤ ጂብሪል በዓመቱ ተፈታ። እሷ ወለንጪቲ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠራች። ወረፋ የያዙት እናቶች እዚያም "ቁጡዋ ገብታለች?" እያሉ ይጠይቃሉ፣ እሷም እዚያም ትጮኻለች፣ ሕፃናቱ ግን ውሃ ሳይከለከሉ ያድጋሉ። ሆዱን አሞት የሚመጣ ትልቅ ሰው ሲያጋጥማት ከሁሉ በፊት የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ "ጠዋት ምን በላህ?"። መልሱን ከሰማች በኋላ፣ ከመምከሯ በፊት፣ ጤና ሲያገኝ ምን ሊሠራበት ይሆን እያለች ሰውየውን ታየዋለች።